ኮምፒዩተራችሁ አልነሳ ካለ «ፎርማት ይደረግ» ከማለታችሁ በፊት

ለጅማ ሰዎች፣ በተለይ እንደኔ የጽህፈትና የኮፒ ሱቅ ላላችሁ። አንድ ባለሙያ ልጠቁማችሁ ነው። ምስጋናም አለብኝ።

ሰሞኑን መብራት ድርግም ብሎ ሲመለስ የሱቄ ዴስክቶፕ አልነሳም አለ። ሰማያዊ ስክሪን ያሳያል፣ ይጠፋል፣ በራሱ ይነሳል፣ እንደገና ሰማያዊ። ውስጡ የተማሪዎች መመረቂያ ጽሁፍ፣ የሰው ውል፣ የሠርግ መጥሪያ፣ ምኑ ቅጡ። ያውም ተመራቂዎች ማስረከቢያቸው ደርሶ በሬ ላይ በሚሰለፉበት ሰሞን።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ቤት ገና ገመዱን ሳይሰካ «ዊንዶውስ እንጫንበት» አለኝ። ፋይሉስ ስለው «እሱ እንደ ዕድልሽ ነው»። ኮምፒዩተሬን አቅፌ ወጣሁ።

ይሄኛው ልጅ የሚሠራው ሄርማታ መርካቶ በኩል፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ገና ስገባ «እህቴ፣ የምትፈልጊው ፋይሉን ነው ኮምፒዩተሩን?» አለኝ። ፋይሉን! «በይ እንግዲያው ዊንዶውሱን ለጊዜው እርሺው።»

አንድ ፍላሽ ሰካ። ሲስተም ረስኪው የሚባል ነጻ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒዩተሩን የሚያስነሳ ሲስተም) አለበት። ኮምፒዩተሩ ከፍላሹ ስለሚነሳ ሃርድ ዲስኩ አይነካም። ማውዝ የለ፣ ምን የለ፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሁፍ ብቻ። የዲስኩን ጤና ሲያይ አልነበብ ያሉ ቦታዎች አገኘ። እየሞተ ያለ ዲስክ በተነካካ ቁጥር ይብስበታል። ስለዚህ ፋይል መልቀሙን ትቶ ዲስኩን እንዳለ ኤክስተርናል (በውጭ የሚሰካ ሃርድ ዲስክ) ላይ ሊገለብጠው ወሰነ።

የተጠቀመበት ዲዲረስኪው የሚባል ፕሮግራም ነው። ብልጥ ነገር ነው። መጀመሪያ ደህና ደህናውን ይገለብጣል፣ ያስቸገረውን ዘሎ ያልፋል፣ ከክፉው ጋር የሚታገለው መጨረሻ ላይ ነው። የደረሰበትንም በፋይል ይመዘግባል። መሃል ላይ መብራት ሄደ (ጅማ ነን!)። ሲመጣ ያንኑ ትዕዛዝ ጻፈ፣ ካቆመበት ቀጠለ።

እኔን ያሳመነኝ ግን ሌላ ነው። ኢንተር ከመጫኑ በፊት ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ የሁለቱን ዲስኮች ስምና መጠን ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ከዚህ፣ ወደዚህ።» ሁለቱ ከተገለባበጡ ባዶው ዲስክ በሙሉው ላይ ይጻፋል፤ አለቀ። መብራት ሄዶ ሲመጣም እንደገና አነበበ።

ከቅጂው ላይ አብዛኛው ፋይል ከነስሙ ወጣ። የጠፉ ፎቶዎችን ፎቶሬክ በሚባል ፕሮግራም ፈለገልኝ። እሱ የሚያወጣው ያለ ስም ስለሆነ የትኛው ሠርግ የማን እንደሆነ እየለየሁ ነው። ጥቂት የዎርድ ፋይሎች ተበላሽተው ቀርተዋል። ይሄንንም ዋጋውንም አስቀድሞ ነግሮኛል፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ጭማሪ የለም። እጅህ ይባረክ ወንድሜ!

አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ዲስካችሁ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው አጥፉትና አትሞክሩት፤ እሱም አይነካውም። ላፕቶፓችሁ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ከተቆለፈ 48 አኃዝ ያለውን ቁልፍ ፈልጉ፣ ያለሱ ማንም አይከፍተውም። ከዲስካችሁ መጠን የማያንስ ባዶ ኤክስተርናል ይዛችሁ ሂዱ። ሐሙስ ግን ገበያ ነው፤ ዴስክቶፕ ተሸክማችሁ እዚያ ግርግር ውስጥ እንዳትገቡ።