የቀጠናችን ፖሊስ አገልግሎት፦ ከአንድ ዓመት ተገልጋይ የተሰጠ አስተያየት

ባለፈው ዓመት ከጓሮዬ የውኃ ፓምፕ ተሰረቀብኝ። የቀጠና ፖሊስ የሚባለውን አገልግሎት በቅርብ ያወቅሁት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ሰው ስለ ገዛው ዕቃና ስላረፈበት ሆቴል አስተያየቱን ከጻፈ፣ ሌሊት በሰላም ስለሚያስተኛው አገልግሎትም ሊጽፍ ይገባል። የምናገረው ስለ ትንሽ የገጠር ከተማ ነው፤ ጣቢያው አንድ፣ የፖሊስ መኪናው አንድ፣ ቤቶቹ ሲያልቁ እርሻው የሚጀምርበት።

ቃሌን ልሰጥ ጣቢያ ስሄድ ተረኛው አስቀድሞ የጠየቀኝ የፓምፑን መለያ ቁጥር ነበር። አላውቀውም። ሰማያዊ መሆኑንና እጀታው መሰንጠቁን ብቻ ነገርኩት። ፓምፑ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ቢገኝ እንኳ የእኔ ስለመሆኑ ማስረጃ አልነበረኝም።

የቀጠናዋ ፖሊስ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በእግሯ መጣች። እኔ ወደ ተሰበረው ቁልፍ ስመራት እርሷ በቀጥታ ወደ ጓሮው አጥር ሄደችና በቦዩ በኩል ጎንበስ አለች። የታችኞቹ ሁለት ሽቦዎች አልተቆረጡም፤ ጎብጠዋል። በአንደኛው ላይ የከረጢት ክር ተንጠልጥሏል። አጠገቡ ያለው የአጥር እንጨት እጅ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ተሻሽቶ ልሟል። «እማማ፣ ይህ የአንድ ሌሊት ሥራ አይደለም፤ የተለመደ መንገድ ነው» አለችኝ። በዚያ አጥር ሥር በየቀኑ ውኃ አጠጣለሁ፤ አንድም ቀን ልብ ብዬው አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ተመልሳ መጣች። አገልግሎቱን ከልቤ እንዳከብር ያደረገኝ ይህ ሁለተኛው ጉብኝት ነው። ሌባው የሚፈልገውን ወስዶ ሄዷል፣ ከእንግዲህ ምን ቀረ ስላት፣ «መንገዱን ያውቃል፤ አዲስ ፓምፕ እንደሚገዙም ያውቃል» ብላ መለሰችልኝ። ነገሩ በሌላ አገርም ተፈትኗል። በሰሜን እንግሊዝ፣ በሮችዴል ከተማ፣ ከርክሆልት በሚባል መንደር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ አንድ ጊዜ የተሰረቀ ቤት ከሌሎቹ ይልቅ ዳግም ለስርቆት የተጋለጠ መሆኑ ታየ። ስለዚህ ጥበቃው በቅርቡ በተሰረቁት ቤቶች ላይ እንዲያተኩር ተደረገ፤ በእያንዳንዱ ቤት ዙሪያ ስድስት ያህል ጎረቤቶች ዓይናቸውን እንዲጥሉ ተስማሙ፤ ሌባ የሚጎመጅባቸው፣ ሳንቲም እየተጨመረባቸው የሚሠሩ የመብራትና የጋዝ ቆጣሪዎችም ከየቤቱ ተነሱ። ስርቆቱ በእጅጉ ቀነሰ።

የእኔን ጓሮ የሚያዩት ቤቶች አራት ናቸው። ፖሊሷ አራቱንም አንኳኳች። አዲስ ፓምፕ ስገዛም መለያ ቁጥሩን በደብተሯ ጻፈች፤ በብረቱ ሥር ደግሞ የራሴን ምልክት በሹል ብረት አስቀረጸችኝ።

መኪናው በየሌሊቱ ቢዞር ይሻላል የሚሉ ጎረቤቶች አሉኝ። አልስማማም። በአሜሪካ፣ በካንሳስ ሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1973 በተደረገ ሙከራ 15 ቀጠናዎች ለሦስት ተከፍለው በአንዱ ምድብ የዘወትሩ የመኪና ቅኝት ቀረ፣ በሌላው እንደነበረ ቀጠለ፣ በሦስተኛው ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ሆነ። በወንጀሉም ሆነ በነዋሪው ስጋት ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። በእግር መዞርም ብቻውን ሌባ አያጠፋም። ዋጋው ፖሊሷ ቆማ ስለምታነጋግር፣ ሰውም ያየውን ስለሚነግራት ነው።

ሰው የሚነግራት ሁሉ ግን መረጃ አይደለም። በአንድ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ አንድ ጎረቤቴ ተነሥቶ ጥፋቱን ሁሉ ለሥራ ፍለጋ በመጡ ወጣቶች ላይ ጫነ። እውነቱን ለመናገር እኔም ጠርጥሬያቸው ነበር። ፖሊሷ «ምን ሲያደርጉ አዩአቸው?» ብላ ጠየቀችው። ዝም አለ። «በስንት ሰዓት? የት?» ብላ ቀጠለች፤ አሁንም መልስ የለም። በደብተሯ ምንም አልጻፈችም። ስለ ሰው መልክና አመጣጥ የሚወራውን ሁሉ የሚመዘግብ ፖሊስ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ልጆች ለአንድ ፓምፕ በየሌሊቱ በተፈተሹ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያዩትን ለፖሊስ ሊናገሩ የሚመጡም አይመስለኝም። በሚቀጥለው ሳምንት በቦዩ በኩል ማታ ማታ ጋሪ እንደሚቆም የነገራት ከእነርሱ አንዱ ነው።

ጉድለቱንም ልናገር። ስብሰባው የሚጠራው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ በዚያ ሰዓት እርሻ ላይ ያለ ሰው አይመጣም፤ ስለዚህ የሚናገሩት ሁልጊዜ ያው ሰዎች ናቸው። አንድ ሌሊት ውሻው አላስተኛ ሲለኝ ሁለት ጊዜ ደውዬ ስልኩን ያነሳ አልነበረም። በሦስተኛው ተነሳ፤ ሰው የደረሰው ግን ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ነው።

ከሁሉም የከፋው ዝውውሩ ነው። በስድስተኛው ወር ፖሊሷ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረች። ለሁለት ሳምንት በመንገዳችን የሚያልፍ አልነበረም፤ ከዚያ አንድ ወጣት ፖሊስ መጣ። ትሑት ልጅ ነው፤ የሚያውቀው ነገር ግን የለም። አራቱን ቤቶች፣ ቦዩን፣ ጋሪውን አላወቀም፤ የእርሷ ደብተርም አልተላለፈለትም። ወደ ጓሮ ወሰድኩትና የጎበጡትን ሽቦዎች አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ የላመውን እንጨት በእጁ ዳሰሰ። ከዚያ አዲስ ደብተር አውጥቶ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠና የፓምፔን መለያ ቁጥር ጠየቀኝ። በዚህ ጊዜ በቃሌ ነገርኩት።