ለልጄ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ምስጋና፣ ለወላጆች ደግሞ ጥቆማ

ስሜን እንዳትጠቅሺ ብላ አደራ ስላለችኝ ነው እንጂ በትልልቁ ነበር የምጽፈው። የልጄን ስኮሊዮሲስ (የአከርካሪ ወደ ጎን መጣመም) የምትከታተለውን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ማለቴ ነው። ዛሬ በአደባባይ ላመሰግናት ፈለግኩ።

ልጄ 13 ዓመቷ ነው። አንዱ ትከሻዋ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ አይተን ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ራጁ አከርካሪዋ 22 ዲግሪ ወደ ጎን መጣመሙን አሳየ። ከ10 ዲግሪ ጀምሮ ስኮሊዮሲስ ይባላል። የአጥንት ሐኪሙ ክትትል አዘዘላት፤ ለዚሁ ችግር ተብሎ የሚሠራ ስፖርት እንድትጀምርም ወደዚች ባለሙያ ላካት።

መጀመሪያ የወደድኩላት ነገር ባዶ ተስፋ አለመስጠቷ ነው። ኢንተርኔት ላይ «በወር ውስጥ ቀጥ ይላል» የሚሉትን ሁሉ አይቼ ስለነበር እሷም እንደዚያ እንድትለኝ ጓጉቼ ነበር። አላለችም። የስፖርቱ ዋና ዓላማ ልጅቷ አድጋ እስክትጨርስ እንዳይብስባት መታገል ነው አለችን። ገና እያደገች 25 ዲግሪ ካለፈ ሐኪሙ ብሬስ (አከርካሪን ደግፎ የሚይዝ፣ ሰውነት ላይ የሚታሰር መደገፊያ) ሊያዝላት ይችላል፤ ያኔ ስፖርቱ አብሮ ይሄዳል እንጂ ብሬሱን አይተካም። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ጎመዘዘኝ። ያመንኳት ግን በዚሁ ነው።

ከዚያ ዘመድ አዝማድ ልጄ ላይ የጫነባትን ሸክም አወረደችላት። «ቦርሳ እያንጠለጠልሽ ነው»፣ «ጎብጠሽ ስለምትቀመጪ ነው» ያላላት ሰው የለም። ባለሙያዋ ዓይን ዓይኗን እያየች «አንቺ ያደረግሽው ነገር የለም፤ በጉርምስና የሚመጣው አብዛኛው ስኮሊዮሲስ ምክንያቱ አይታወቅም» አለቻት። ልጄ መልስ አልሰጠችም፤ መኪና ውስጥ ግን እስከ ቤት ድረስ ስታወራ መጣች።

የምታሠራት ሽሮት በሚባለው ዘዴ ነው። መሥራቿ ጀርመናዊቷ ካታሪና ሽሮት ራሷ ስኮሊዮሲስ ነበረባት፤ ሌሎችን ማከም የጀመረችውም እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። እኔ ስፖርት ሲባል መዝለልና መወጠር መስሎኝ ነበር። ዋናው ነገር ትንፋሽ ሆኖ አገኘሁት። ልጄ መስታወት ፊት ትቆማለች። ባለሙያዋ በስተጀርባዋ ሆና የጎድን አጥንቷ ገባ ባለበት በግራ በኩል መዳፏን ታሳርፋለች። «በትንፋሽሽ እጄን ግፊው» ትላታለች። መጀመሪያ የምትነሳው ትከሻዋ ብቻ ነበር። «ትከሻሽን ተይው፣ እጄ ጋ ነው የምትመጪው» እያለች ደግማ ደጋግማ ታሠራታለች፤ ስልችት አይላትም። አሁን ያ የገባው ጎን ሲነፋ እኔም ከወንበሬ ሆኜ አየዋለሁ።

በቅርቡ የተነሳችው ራጅ 20 ዲግሪ አለ። እኔ እልል ልል ስል ባለሙያዋ ሳቀች። «እስከ 5 ዲግሪ ያለው ልዩነት ከአለካክም ሊመጣ ይችላል፤ አልባሰም እንበልና በዚሁ እንቀጥል» አለች። እንዲህ ያለ ባለሙያ ከየት ይገኛል? ደስታዬን ትንሽ ብትቀንሰውም አልተቀየምኳትም። የልጄ ትከሻ ግን ደህና ተስተካክሏል፤ ይሄን ለማየት ራጅ አያስፈልግም።

ለልጃችሁ የምትፈልጓት ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሷን አስፈቅጄ ቁጥሯን እሰጣችኋለሁ። ራጁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሳታየው ሥራ አትጀምርም። የምታወራው በቀጥታ ከልጁ ጋር ስለሆነ በመሃል እየገባችሁ አትመልሱለት፤ እኔን በትህትና ዝም አሰኝታኛለች። የቤት ሥራም ትሰጣለች። ያልተሠራ እንደሆነ በመጀመሪያው ትንፋሽ ታውቅባችኋለች፣ ሰበብ አይሠራም።

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። ልጄ ማክሰኞን የምትጠብቀው በአንቺ ምክንያት ነው።