«600 የድሮ ካራቴ በአንድ ፍላሽ» የሚባለውን እንዳትገዙ

ብስጭቱ ሳይበርድልኝ ልጻፈው። ፊልም የሚጭኑት ቤቶች ውስጥ ከመሳቢያ እየተመዘዘ የሚወጣ «ዝግጁ የተጫነ፣ 600 የድሮ ካራቴና አክሽን» የሚባል ፍላሽ አለ። ጀርባው ላይ 1 ቴራ ይላል። ዋጋው 1,800 ብር። እንዳትነኩት!

ሻጩን ታውቁታላችሁ፤ አንድ ጆሮው ላይ ኢርፎን የሰካ፣ ሦስት ሰው ባንዴ የሚያስተናግድ፣ ሁሉንም «ብራዘር» የሚለው። ፍላሹን ሰካ፣ ከፈተ፣ የማውሱን ጎማ በሌባ ጣቱ አሽከረከረው። 600 ስም ከኤ እስከ ዜድ እንደ ዝናብ ወረደ። መጨረሻው ላይ ቆም ብሎ «አየህ አይደል?» አለ። ከዚያ ጎማውን ወደ ላይ መልሶ ሦስተኛው መስመር ላይ ያለውን ከፈተ። አሜሪካን ኒንጃ፣ እ.ኤ.አ. የ1985ቱ። ዋናው አክተር ማይክል ዱዲኮፍ ጥርት ብሎ መጣ። ሌብነቱ በሙሉ እዚያች ወደ ላይ የተመለሰች ጣት ላይ ነበር። «ከታች አንዱን ክፈትልኝ» ሲባል «ሰው እየጠበቀኝ ነው ብራዘር» ብሎ ፍላሹን ነቀለው። ነገሩ ጠፍቶኝም አይደል። ዱዲኮፍን ሳይ ልቤ ቅልጥ አለ፣ ከፈልኩ።

አሠራሩ ይኸውላችሁ። ውስጡ ያለው ማስቀመጫ 32 ጊጋ ነው። ፍላሹን የሚያዘው ኮንትሮለር ግን ኮምፒውተሩን «1 ቴራ ነኝ» እንዲለው ተደርጓል። ፊልም ሲገለበጥበት እምቢ አይልም፤ 32ቱ ሲሞላ የተረፈውን ዝም ብሎ ይጥለዋል፣ አለዚያም በቀድሞው ላይ ይጽፍበታል። የፋይሎቹ ስምና መጠን የሚመዘገበው ፍላሹ መጀመሪያ አካባቢ ስለሆነ ዝርዝሩ ሙሉ ሆኖ ይታያል። አንድ ፊልም 1.4 ጊጋ ቢሆን ከ600ው የሚከፈተው 22 ገደማ ነው። ኤ እና ቢ ላይ ያሉት ይሠራሉ፤ ከዚያ ወዲያ ስም ብቻ ነው። ቲቪው ፋይሉን አላውቀውም ይላል፣ ሻጩም «ቲቪህ አሮጌ ነው» የሚልበት ሰበብ ያገኛል።

የሚከፈቱትም ቢሆኑ ጉድ ናቸው። አብሮ የሚሰጠው ወረቀት ላይ በአማርኛ «ብሩስ ሊ፣ 9 ፊልም» ተብሏል። ብሩስ ሊ በዋና አክተርነት የጨረሳቸው የኩንግፉ ፊልሞች አራት ናቸው፤ አምስተኛው እሱ እ.ኤ.አ. በ1973 ከሞተ በኋላ እሱን በሚመስሉ ተተኪዎች ተሞልቶ በ1978 ነው የወጣው። የቀሩት የታይዋኑ የሆ ቹንግ ታዎ ናቸው፤ ስሙን «ብሩስ ሊ» ብለው ያወጡለት። በእንግሊዝኛ የሁለቱ አጻጻፍ ይለያያል፣ በእኛ ፊደል ግን ሊ ያው ሊ ነው፤ ስለዚህ ወረቀቱ በሕግ እንኳ ውሸታም አይባልም! (ሆ ቹንግ ታዎን እወደዋለሁ፣ እሱን ብዬ ብገዛ ኖሮ ቅር አይለኝም ነበር።)

የሆንግ ኮንጉ ፊልም ኩባንያ የሻው ብራዘርስ ሥራዎች ደግሞ የተቀዱት ከቪዲዮ ካሴት ነው። ሲቀረጹ ስፋታቸው የቁመታቸው 2.35 እጥፍ ነበር። ለድሮው ቲቪ 4 በ3 ሲቆረጡ ከምስሉ ከ40 በመቶ በላይ ይጠፋል። እነዚያ ዳይሬክተሮች ሁለቱን ተደባዳቢዎች በግራና በቀኝ ጫፍ ነበር የሚያቆሟቸው። በተቆረጠው ላይ አክተሩ ብቻውን ቆሞ አየር ሲመታ ታያላችሁ፣ ከጎን አንድ ጫማ ገብቶ ደረቱን ይለዋል። የፋይሉ ስም ላይ ግን «1080» የሚል የከፍተኛ ጥራት ምልክት ተለጥፎበታል።

ይዛችሁት ብትመለሱ ልጁ ከስልኩ ቀና አይልም። «ቫይረስ አስገብተህበት ነው። ፎርማት ይደረግና 400 ጨምረህ እንደገና ይጫንልህ።» ፎርማት ቢደረግም ያው 22 ፊልም ነው የሚይዘው፤ እሱም ያውቃል። ይሄንን ሲናገር ለሌላ ሰው ሌላ ፍላሽ ከመሳቢያው እየመዘዘ ነበር።

የራሳችሁን ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ዝግጁውን ካላችሁ ግን የመጨረሻዎቹን አምስት ፊልሞች አስከፍቱና ወደ መሀላቸው ዝለሉ። ባዶ ፍላሽ ስትገዙ ትክክለኛ መጠኑን ለማጣራት ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ (H2testw) የምትባለዋ ነፃ ፕሮግራም እስኪሞላ ጽፋ መልሳ ታነባለች። በሰከንድ 20 ሜጋ ለሚጽፍ 64 ጊጋ፣ መጻፉ ብቻ አንድ ሰዓት ሊሞላ ይቃረባል።