ሊነቀል የነበረው መንጋጋዬ

አንዲት የጥርስ ሐኪም ላመሰግን ነው። ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ ፈቃዷን አልጠየቅኩም። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ በደስታ እጠቁማለሁ።

የታችኛው የቀኝ መንጋጋዬ ሦስቴ ተሞልቷል። ከጥርሱ ሙሌቱ ይበዛል። ከወራት በፊት ምግብ ሳኝክ ድንገት ይወጋኝ ጀመር። ጥርሴን ነክሼ እንዳልችለው፣ ሕመሙ ያለው መንከሱ ላይ ነው! አንድ ቦታ ራጅ ተነሥቼ «ምንም የለውም» ተባልኩ። ሌላ ቦታ «ይነቀል» አሉኝ።

እሷ ገና ከመቀመጤ «የሚያምህ ስትነክስ ነው ወይስ ስትለቅ?» አለችኝ። አስቤው አላውቅም። ትንሽ ፕላስቲክ በጥርሱ ጫፎች ላይ በየተራ እያደረገች አስነከሰችኝ። የኋለኛው ጫፍ ላይ ስለቅ ከወንበሩ ልነሣ ምንም አልቀረኝ። የተሰነጠቀ ጥርስ ብዙ ጊዜ ሲለቁት ነው የሚያምመው አለች። ቀጭን ስንጥቅ ደግሞ ራጅ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይታይም። አሮጌውን ሙሌት አውጥታ በመስታወት አሳየችኝ፤ ፀጉር የምታህል መስመር።

ነርቩን በቅዝቃዜ ፈትሻ ደህና ሆኖ ስላገኘችው ሩት ካናል (ነርቩን አውጥቶ ውስጡን መሙላት) አላስፈለገም። ስንጥቁ ሥሩ ድረስ ወርዶ ከሆነ ግን ክራውንም፣ ማለትም ጥርሱን ሙሉ የሚያለብሰው ቋሚ ሽፋን፣ እንደማያድነው ሥራ ሳትጀምር ነገረችኝ። ይሄ ግልጽነቷ ነው ልቤን የገዛው።

አደንዝዛ ጥርሱን ከላይና ከዙሪያው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ሞረደችው። ልኩን ወስዳ ጊዜያዊ ሽፋን አደረገችልኝ። «ማስቲካ እንዳታስብ። የጥርስህን መሃል በክር ስታጸዳም ክሩን በጎን አውጣው፣ ወደ ላይ አትሳብ» አለች። እኔ ሆዬ በሦስተኛው ቀን ማስቲካ! ሽፋኑ ወለቀ። ደወልኩ፤ ሳትቆጣ በዚያው ቀን ሽፋኑን መልሳ ለጠፈችልኝ።

ዋናው የዚርኮኒያ (ጠንካራ ነጭ ሴራሚክ) ክራውን በ2 ሳምንት ደረሰ። ባለቀለም ወረቀት እያስነከሰች ከፍ ያለውን ቦታ ትሞርዳለች። እኔ ሰልችቶኝ «በቃ፣ ደህና ነው» እላለሁ። እሷ «አልበቃም» ትላለች። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ራሷ ደውላ «አፍህን ስትገጥም ቀድሞ የሚነካ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። አልነበረም።

«ብረት የለበሰ እንዳይመስልህ፤ ድዱ ጋ ያለው ጠርዝ ካልጸዳ ከሥር ይበሰብሳል» ብላኛለች። ቀጣዩ ቀጠሮ ከ6 ወር በኋላ ነው። ክሩን በየምሽቱ እጠቀማለሁ። ብተወው ታውቅብኛለች።