ስፒድክሮስ፣ ፔሪግሪን፣ ስፒድጎት ወይስ ፔጋሰስ ትሬል? አስፋልትም ጭቃም ድንጋይም ለሚሮጥ ሰው

በአንድ ሩጫ አስፋልት፣ ኮረኮንች፣ ጭቃ፣ የዛፍ ስርና እርጥብ ድንጋይ ሚያጋጥመው ሰው ትሬል ጫማ (ከአስፋልት ውጪ ለመሮጥ የተሰራ ጫማ) ሲገዛ መጀመሪያ ገልብጦ ሚያየው የሶሉን ጥርስ ነው፣ ጥርሱ ትልቅ ከሆነ በደንብ ሚይዝ ይመስለዋል። እኔም የመጀመሪያውን በዚሁ ሂሳብ ነው የገዛሁት። ጭቃ ላይ እውነትም ንቅንቅ አይልም ነበር፣ ግን የምሮጥበት መንገድ ከግማሽ በላይ አስፋልትና ጠንካራ አፈር ስለነበር ሁለት ወር ሳይሞላው ተረከዙ ጋ ያለው ጥርስ ተላጨ፣ እሱስ ይሁን፣ አንድ ቀን ዝናብ ያራሰው ልሙጥ ድንጋይ ላይ ስረግጥ ሸርተት አድርጎ በጉልበቴ ጣለኝ።

ከዛ ነው ነገሩን መመርመር የጀመርኩት። ጭቃ ላይ ሚይዘው የጥርሱ ርዝመትና በጥርሶቹ መሃል ያለው ክፍተት ነው፣ ክፍተቱ ሰፊ ሲሆን ጭቃው ሳይጣበቅ ይራገፋል። እርጥብ ድንጋይ ላይ ግን ዋናው የጎማው አይነት ነው፣ ለስለስ ያለ ጎማ ይጣበቃል፣ ደረቅ ጎማ ይንሸራተታል፣ ረጅምና የተራራቀ ጥርስ ደግሞ ድንጋዩን ሚነካው በጫፉ ብቻ ነው። ችግሩ ለስላሳው ጎማ አስፋልት ላይ ቶሎ ያልቃል። ስለዚ ሁሉም ቦታ አንደኛ የሆነ ጫማ የለም፣ የትኛውን ድክመት መሸከም ትችላላችሁ ነው ጥያቄው።

እንግዲህ ወደ ንጽጽሩ። ሳሎሞን ስፒድክሮስና ሶኮኒ ፔሪግሪን ብዙ ሰው ሚያወዳድራቸው ናቸው። ስፒድክሮስ ለጭቃና ለለስላሳ አፈር ነው የተሰራው፣ ጥርሶቹ የተራራቁ ናቸው፣ ድሮፑ (ተረከዙ ከፊቱ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ማለት ነው) 10 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከመንገድ ጫማ (ከአስፋልት መሮጫ) ለሚመጣ ሰው እግሩ አይደናገርም፣ ማሰሪያው ስባችሁ ምትቆልፉት ቀጭን ገመድ ነው፣ ጭቃ በጭቃ ሆናችሁም አይፈታም። ግን አስፋልት ላይ ጥርሱ ከእግራችሁ ስር ይሰማችኋል፣ ሚዛናችሁም ደስ አይልም። ፔሪግሪን 13ና 14 ላይ (ቁጥሩ ስንተኛ ሞዴል እንደሆነ ነው) ጥርሱ 5 ሚሊ፣ ድሮፑ 4 ሚሊ ነው፣ ከመሬት ብዙም ስለማይርቅ ድንጋያማ መንገድ ላይ ምትረግጡት ነገር ይሰማችኋል፣ ጠንካራ አፈር ላይም በምቾት ይሮጣል። መንገዳችሁ በአብዛኛው ጭቃ ካልሆነ እኔ ያለምንም ማመንታት ፔሪግሪንን ነው ምመርጠው።

ሆካ ስፒድጎት ሌላ አይነት ነው። ስፖንጁ ወፍራም ነው፣ ሶሉ ቪብራም ሜጋግሪፕ የሚባለው ሚጣበቅ ጎማ ነው፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ ካደረግኳቸው ሁሉ ያመንኩት እሱን ነው። ስሙ የአሜሪካዊው የረጅም ርቀት ሯጭ የካርል ሜልትዘር ቅጽል ስም ነው፣ ሰውዬው ሃርድሮክ 100 የሚባለውን የተራራ ውድድር 5 ጊዜ ያሸነፈ ነው፣ ጫማውም ለረጅም ሰዓት እንደተሰራ ያስታውቃል፣ ሶስት አራት ሰዓት ሮጣችሁ እንኳን የእግራችሁ መዳፍ አይነድም። ድሮፑ ቁጥር 5 ላይ 4 ሚሊ ነበር፣ ቁጥር 6 ላይ 5 ሆኗል። ጉድለቱ ከፍታው ነው፣ ጎን ለጎን ያዘነበለ መንገድ ላይ ቁርጭምጭሚቱ ደካማ የሆነ ሰው እግሩ ሊታጠፍ ይችላል፣ እንደዚ አይነት ሰው ከፔሪግሪን ጋር ቢቆይ ይሻለዋል።

ከቤት ወጥታችሁ አስፋልት ላይ ብዙ ሮጣችሁ ነው ጫካ ምትደርሱት ከሆነ ደግሞ ናይኪ ፔጋሰስ ትሬልና ሆካ ቻሌንጀርን እዩ። ሁለቱም ግማሽ የመንገድ ጫማ ናቸው። ቻሌንጀር 7 ጥርሱ 4 ሚሊ ነው፣ የተቀራረበ ስለሆነ አስፋልት ላይ ቀስ ብሎ ነው ሚያልቀው፣ ድሮፑ 5 ሚሊ። ፔጋሰስ ትሬል ወደ 9 ሚሊ ተኩል ድሮፕ አለው፣ ቁጥር 4 እርጥብ ነገር ላይ ያንሸራትታል ተብሎ በጣም ይታማ ነበር፣ ቁጥር 5 ላይ ጎማውን ቀይረውታል፣ ስለዚ ቅናሽ ላይ የቆየ ሞዴል ስታገኙ ቁጥሩን ሳታዩ አትግዙ። ወፍራም ጭቃ ላይ ግን ሁለቱም አይሆኑም፣ ጥርሱ መሃል ጭቃ ሞልቶ እንደ ልሙጥ ሶል ይሆናል።

አልትራ ሎን ፒክን ለብቻው ያስቀመጥኩት ምክንያት አለኝ። ድሮፑ ዜሮ ነው፣ ተረከዝና ፊቱ እኩል፣ ጣቶች የሚያርፉበት ቦታ ደግሞ ሰፊ ነው፣ ቁልቁለት ላይ ጥፍራቸው እየጠቆረ ለሚሰቃዩ ሰዎች ትልቅ እፎይታ ነው። ግን ከ10 ሚሊ ጫማ በአንዴ ወደሱ ከዘላችሁ ባታችሁና ከተረከዝ በላይ ያለው ጅማት ነው ሚከፍለው። መጀመሪያ በሳምንት አንድ ሁለቴ አጭር አጭር ሩጫ ላይ አድርጉት፣ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ በዚ ጉዳይ አትቸኩሉ እባካችሁ።

ጎርቴክስ (ውሃ የማያስገባ ሽፋን) ያለውን ልግዛ ወይ ለምትሉ፣ ብርድ ላይና እርጥብ ሳር ላይ ጥሩ ነው፣ ወንዝ ምትሻገሩ ከሆነ ግን ተዉት፣ ውሃ በላይ ከገባ አይወጣም፣ ተራው ጫማ እየሮጣችሁበት ይደርቃል።

የእግራችሁ ቁጥር ላይ ደግሞ አትሳሳቱ። ከሰዓት በኋላ እግር እብጥ ስለሚል ያኔ ለኩ፣ ምትሮጡበትን ካልሲ አድርጋችሁ፣ ከረጅሙ ጣታችሁ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይቅር፣ ተረከዙ ግን መነሳት የለበትም። የሚቻል ከሆነ የተዘቀዘቀ ነገር ላይ ቁሙና ጣታችሁ ፊቱን ይነካ እንደሆነ እዩ፣ ቆማችሁ ከነካ ቁልቁለት ስትሮጡ ይመታዋል ማለት ነው።

አንድ ጫማ በግምት ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይባላል፣ አስፋልት ምታበዙ ከሆነ ወደ ታችኛው ቁጥር አስጠጉት።

ለኔ መንገድ፣ ግማሹ ጠንካራ አፈር፣ ሩቡ አስፋልት፣ የቀረው ድንጋይ፣ ፔሪግሪን ነው ያደላሁት፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ስሮጥ ስፒድጎት አደርጋለሁ። እናንተ አሁንም ካልወሰናችሁ የአንድ ሳምንት ሩጫችሁን በወረቀት ጻፉ፣ ስንት ኪሎ ሜትሩ አስፋልት፣ ስንቱ ጭቃ፣ ስንቱ ድንጋይ እንደሆነ። አስፋልቱ ከግማሽ ካለፈ ቻሌንጀር ወይ ፔጋሰስ ትሬል፣ ጭቃው ካለፈ ስፒድክሮስ።