ፖሊንግ ወይስ ዌብሶኬት? ገጹን ሳያድሱ ቁጥሩን ማደስ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሚሄዱ ጀልባዎች ላይ ስንት ወንበር እንደቀረ የሚያሳይ ገጽ እየሠራሁ ነበር። ቁጥሩ ከ7 ወደ 6 ሲወርድ ገጹ ላይ ያለው የዘጌ ገዳማት ፎቶ ሁሉ እንደ አዲስ ከተጫነ የሰው ካርድ ይበላል። ስለዚህ ምርጫዬ ሁለት ነበር።

ፖሊንግ፦ ገጹ በየ10 ሰከንዱ «ስንት ቀረ?» ብሎ ሰርቨሩን (መረጃውን የያዘውን ኮምፒውተር) ይጠይቃል፤ የሚቀይረው ቁጥሯን ብቻ ነው።
ዌብሶኬት፦ መስመሩ አንዴ ይከፈታል፤ ለውጥ ሲኖር ሰርቨሩ ራሱ ይልካል።

ወጪ፦ ፖሊንግ በርካሽ ሆስቲንግም (ድረ ገጽ በኪራይ በሚቀመጥበት አገልግሎት) ይሠራል። ዌብሶኬት ሳያቋርጥ የሚሮጥ ፕሮግራም ስለሚፈልግ ብዙ ጊዜ የራስ ሰርቨር መከራየትን ይጠይቃል።

ፍጥነት፦ ዌብሶኬት ይበልጣል፣ ክርክር የለውም።

ስጋት፦ እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አስቡ። ሐይቁ ላይ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ፖሊንግ አንድ ጥያቄ ቢያመልጠው ቀጣዩ ያርመዋል። ዌብሶኬት ግን ከተቋረጠ በራሱ አይመለስም፤ እንደገና የሚያገናኘውንም፣ ያመለጠውን መረጃ የሚያመጣውንም ኮድ የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። እኔ ይህን ሳልጽፍ ቀርቼ ገጹ «4 ወንበር» ላይ ደርቆ ቀረ፤ ጀልባው ግን ሞልቶ ሄዷል። አንዲት እናት ልጆቻቸውን ይዘው ወደቡ ላይ ቆመው ስልካቸውን ሲያሳዩኝ በጣም አዘንኩ።

በሁለቱም መንገድ ወንበሩ መያዙን ሰርቨሩ ይወስን፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር አትመኑ።

ለወንበር፣ ለዋጋ፣ ለመነሻ ሰዓት ፖሊንግ ይበቃል፤ ሰውየው ገጹን ትቶ ሌላ ሲከፍት ጥያቄውን ማቆም አትርሱ። ለቻት ወይም ጀልባዋን በካርታ ላይ ለመከታተል ከሆነ ዌብሶኬት ድካሙን ይክሳል።