ቢራቢሮን አንዴ ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ የህፃናት ንግግር አፕ (ከ5 2 ኮከብ)

ሁለት አመት ተኩል ለሆነው ልጄ ነው ዳውንሎድ ያረኩት፣ ስሙን ተዉት። ስዕል ያሳያል፣ ልጁ ስሙን ይጠራል፣ በማይክ ሰምቶ ወይ ኮከብ ይሰጠዋል ወይ ቀይ ኤክስ ያረግበታል። ስዕሎቹ ያምራሉ፣ ማስታወቂያም የለውም፣ እዚህ ድረስ ምንም አይወጣለትም።

ችግሩ አንዱን ቃል አንዴ ሰምቶ ነው ሚፈርደው። የኔ ልጅ ደሞ ቢራቢሮን አሁን «ቢያቢዮ» ይላል ትንሽ ቆይቶ «ባቢዮ» ከዛ «ቢላቢሎ»፣ ማክሰኞ ለት ጥርት አርጎ «ቢራቢሮ» ብሎ አስደነገጠንና ረቡዕ ተመልሶ «ባቢዮ» ሆነ። አፑ ማክሰኞ ሰምቶት «ችሏል» ብሎ ቃሉን ከዝርዝሩ አወጣው በቃ ድጋሚ አይጠይቀውም። «ጫማ»ን ደሞ «ታማ» ባለበት ሰዓት ስለያዘው ሪፖርቱ ላይ «ክትትል ያስፈልገዋል» ብሎ ፅፎልኝ ሌሊቱን ሳነብ አደርኩ።

ለካ በዚህ እድሜ ያለ ነገር ነው። ፈርግሰንና ፋርዌል የተባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1975 ባወጡት ጥናት ላይ አንድ የ15 ወር ህፃን «ፔን» የምትለዋን የእንግሊዝኛ ቃል በግማሽ ሰዓት ውስጥ በ10 አይነት ብሏታል፣ አስር! ባለሙያዎቹም አንዴ ሰምተው አይፈርዱም፤ አንዱ የታወቀ ምርመራ 25 ስዕል ሶስት ሶስቴ ያስጠራል፣ በየመሃሉ ሌላ ነገር እያሰሩት፣ ከቃላቱ 40 ፐርሰንትና ከዛ በላይ ከተቀያየሩ ነው ነገሩን ጠበቅ አርገው ሚያዩት፣ ለዛውም ከ3 አመት ጀምሮ ላሉ ልጆች። ይሄ አፕ ግን ባንዴ ጨረሰው።

(ሚያስቀው ደሞ እኔ «ባቢዮ» ስለው ይናደድብኛል፣ «አይደለም! ባቢዮ!» ይላል ጣቱን ቀስሮ። ጆሮው ደርሷል፣ ምላሱ ነው የቀረው።)

ለሰራተኞቹ ፃፍኩላቸው፣ «ማይኩን ወደ ልጁ አፍ ያስጠጉ» አሉኝ እሺ።

ሁለቱ ኮከብ ድምፁን ከነቀኑ ስለሚያስቀምጥ ነው፣ እሱ ባይኖር የሰኞውን ከሐሙሱ አስተያይቼ አላውቅም ነበር፣ እንደውም አምስቱን «ባቢዮ» ደርድሬ ስሰማ ሁለቱ ብቻ ናቸው ሚመሳሰሉት። አሁን ውጤት መስጫውን አጥፍቼዋለሁ፣ ስዕሉን እያየን ሪከርድ ብቻ እናረጋለን። ሚቀጥለው አፕዴት አንዱን ቃል ሶስቴ ከጠየቀ ተመልሼ ኮከብ እጨምራለሁ።